ሲለጠፍ የሚለወጥ ጽሑፍ፦ በአማርኛ የጥናት ሰነዶች የቅርጸት ወጥነትን ስለ መጠበቅ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የጥናት ጽሑፍ ከልዩ ልዩ ሰነዶች በመቅዳትና በመለጠፍ ሲጠናቀር የፊደል መልኩ፣ የመስመር ርቀቱና የአንቀጽ አሰላለፉ ወጥነት ያጣል። ለዚህ የተለመደው መፍትሔ ቅርጸቱን ትቶ ጽሑፉን ብቻ መለጠፍ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መፍትሔው በዩኒኮድ ለተጻፈ አማርኛ የሚበጅ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች ለተጻፈ አማርኛ ግን ጽሑፉን ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ያስረዳል። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሚካሄዱ የጤና ጥናቶች የሚያገለግለውን የአማርኛ መጠይቅ በምሳሌነት በመውሰድ የሁለቱን የአጻጻፍ ሥርዓቶች ልዩነት፣ ሁለቱን መለያ መንገዶችንና ለተመራቂ ተማሪ የሚመች የሥራ ቅደም ተከተልን ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅርጸት፣ ፎንት፣ ዩኒኮድ፣ ስታይል፣ የአማርኛ መጠይቅ

1. መግቢያ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤና ዘርፎች የሚሠራ የማስተርስ ጥናት በአብዛኛው ሁለት ቋንቋ የያዘ ሰነድ ነው። ሐተታው በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ በአባሪው ደግሞ መጠይቁና የፈቃደኝነት ስምምነት ቅጹ በአማርኛ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው ይህ ተቋም፣ ከከተማዋ በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል የሚካሄድበት የምርምር ማዕከል አለው። በእንዲህ ያለው ወረዳ በየቤቱ የሚዞረው መረጃ ሰብሳቢ ለእናት ወይም ለአባወራ የሚያነበው የአማርኛውን መጠይቅ ነው። የጥናቱ ውጤት የሚቆመውም በዚያ መጠይቅ ቃላት ላይ ነው።

መጠይቁ እንደ ተለመደው አሠራር በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ የትርጉሙ ትክክለኛነት እንዲረጋገጥም በሌላ ሰው ተመልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገለት ሰነድ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያለ ጥንቃቄ ይጓዛል። በፍላሽ፣ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ከአንዱ ሰነድ ተቀድቶ በሌላው ይለጠፋል፤ በመጨረሻም ለጥናት ጽሑፍ በተደነገገው ፎንትና የመስመር ርቀት እንዲስተካከል ይደረጋል። በዚህ ጉዞ የሚደርስበት ጉዳት ከመልክ ያልፋል። «ባለፉት ሰባት ቀናት» ከሚለው ሐረግ አንዲት «ት» ብትጎድል ሰባቱ ቀን ሰባ ይሆናል። ስለዚህ የቅርጸት ጉዳይ የገጽ ውበት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የመረጃ ጥራት ጉዳይም ነው።

2. ሲቀዳ አብሮ የሚቀዳው

አንድ አንቀጽ ሲቀዳ ኮምፒዩተሩ የሚይዘው አንድ ነገር አይደለም። ጊዜያዊ ማስቀመጫው፣ ማለትም ክሊፕቦርዱ፣ ያንኑ ጽሑፍ በተለያየ መልክ በአንድ ጊዜ ይይዛል፦ በአንድ በኩል ቅርጸት የሌለውን ባዶ ጽሑፍ፣ በሌላ በኩል ፎንቱን፣ መጠኑን፣ ቀለሙንና አሰላለፉን የያዘውን ሙሉ ቅጂ። የትኛው እንደሚወሰድ የሚወስነው ተቀባዩ ፕሮግራምና ተጠቃሚው የሚመርጠው የአለጣጠፍ ስልት ነው። አንዱ ጽሑፍ በማስታወሻ መጻፊያው በኖትፓድ ሲለጠፍ ባዶውን፣ በማይክሮሶፍት ወርድ ሲለጠፍ ግን ጌጡን ሁሉ ይዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓይን የተሰወሩ ሁለት ምልክቶችም ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው የአንቀጽ ማብቂያ ምልክት ነው። የአንቀጹ አሰላለፍ፣ ገቢታና የመስመር ርቀት የሚቀመጡት በዚህ ምልክት ላይ ነው። አንቀጹ ከነማብቂያው ከተመረጠ እነዚህ ሁሉ አብረው ይመጣሉ፤ ማብቂያው ሳይመረጥ ከቀረ ግን የተለጠፈው ጽሑፍ የተቀባዩን አንቀጽ አሰላለፍ ይይዛል። ሁለተኛው የክፍል መግቻ ነው። የገጽ ኅዳግ፣ የገጽ አቅጣጫ፣ ራስጌና ግርጌ የሚቀመጡት በእርሱ ላይ በመሆኑ፣ ከሌላ ጥናት ሙሉ አባሪ ከነመግቻው ሲቀዳ የገጽ ቁጥሩና ኅዳጉ ሳይታሰብ ይለወጣል።

በወርድ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የአለጣጠፍ ምርጫዎች ሦስት ናቸው። «ኪፕ ሶርስ ፎርማቲንግ» የምንጩን መልክ እንዳለ ያመጣል። «መርጅ ፎርማቲንግ» የተቀባዩን ሰነድ መልክ አልብሶ እንደ ደማቅና ዘመም ያሉ የማጉያ ምልክቶችን ብቻ ያስቀራል። «ኪፕ ቴክስት ኦንሊ» ደግሞ ሁሉንም ገፎ ፊደላቱን ብቻ ያስገባል። የመጀመሪያው ምርጫ ለዓይን የሚያስደስት ቢሆንም ችግሩ በኋላ ይወለዳል። ሁለቱም ሰነዶች «ኖርማል» የሚባል ስታይል ይኖራቸዋል፤ ትርጉሙ ግን በአንዱ 12 ነጥብ፣ በሌላው 11 ነጥብ ሊሆን ይችላል። የምንጩ መልክ ሲጠበቅ ልዩነቱ በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ በቀጥታ የተጫነ ቅርጸት ይሆናል። ተማሪው በመጨረሻው ሳምንት ስታይሉን አንድ ጊዜ ለውጦ ሰነዱን ሁሉ ለማስተካከል ሲሞክር የተጫነባቸው አንቀጾች አይታዘዙም። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ሦስተኛውን ምርጫ የሚመክሩት። ለእንግሊዝኛው ሐተታ ምክሩ እንከን የለበትም ማለት ይቻላል። ለአማርኛው አባሪ ግን አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ።

3. ፎንቱ ጽሑፉ በሆነበት ዘመን

ጥያቄው ቅርጸት የሚባለው የቱ ነው፣ ጽሑፍ የሚባለውስ የቱ ነው የሚል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ፎንቱ ቢለወጥም ያው ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል ግን በኮምፒዩተር ላይ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም።

ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። ቀደም ባሉት ፕሮግራሞች አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚህም ከፊሉ ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዘ ነበር። የአማርኛ ገበታ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ዲቃላ ፊደላት፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። የዘመኑ የሶፍትዌር ሠሪዎች ይህን ችግር በብልሃት ተሻገሩት። በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የአማርኛን ቅርጽ ሣሉበት፤ ገበታው በአንድ ፎንት አልበቃ ሲል ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፈሉት፤ ወይም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በጽሕፈት ጊዜ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች በየቢሮው የአማርኛን ጽሕፈት ያቀለሉት በዚህ ዘመን ነው። ውለታቸው የሚዘነጋ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ስለ ተከተለ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በዓለም አቀፉ ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በአሥራ ስድስትዮሽ አቈጣጠር 1200፣ «በ» 1260፣ አራት ነጥብ 1362 ሆነው በየትኛውም ፎንት፣ በየትኛውም መሣሪያ ያው ናቸው። ፎንቱ ሲለወጥ የሚለወጠው የእጅ ጽሕፈቱ መልክ ብቻ ነው።

የልዩነቱ ውጤት በመለጠፍ ጊዜ ይገለጣል። በዩኒኮድ የተጻፈ መጠይቅ ጽሑፉ ብቻ ቢለጠፍ አማርኛነቱን አይለቅም። በቀድሞው ሥርዓት የተጻፈው ግን ከነፎንቱ ካልሆነ አማርኛ አይደለም፤ ፎንቱ ሲገፈፍ ከሥር የነበሩት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቅ ይላሉ። «መርጅ ፎርማቲንግ» ፎንቱን ስለሚቀይር ከዚህ አደጋ አያድንም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰነዱን በሙሉ መርጦ በአንድ ጊዜ ወደ ታይምስ ኒው ሮማን መለወጥ ነው። የጥናት ጽሑፉን የፎንት ደንብ ለማሟላት በችኮላ የሚደረግ ይህ እርምጃ ባለፉት ገጾች ላይ ምንም ሳያሳይ በአባሪው ያለውን አማርኛ ያፈርሳል።

ገበታው ለሁለት ፎንት በተከፈለበት ሰነድ ላይ ጉዳቱ ይበልጥ ስውር ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሦስቱ ፊደላት ከመጀመሪያው፣ አንዱ ከሁለተኛው ፎንት ሊሆኑ ይችላሉ። ቃሉ በሙሉ በመጀመሪያው ፎንት ሲመታ ያ አንዱ ፊደል ወደ ሌላ የአማርኛ ፊደል ይለወጣል ወይም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ገጹ በሩቅ ሲታይ አሁንም አማርኛ ነው፤ ስሕተቱ የሚታየው ቃል በቃል ለሚያነብ ብቻ ነው። ይባስ ብሎም ሰነዱ በዚህ ሁኔታ ከተቀመጠ የትኛው ፊደል ከየትኛው ፎንት እንደ ነበር የሚናገር ምልክት ስለማይኖር፣ ዋናው ቅጂ ካልተጠበቀ በቀር መመለሻ የለውም።

ችግሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በኮቦ ቱልቦክስ ወይም በኦዲኬ አማካይነት በታብሌት መረጃ ለመሰብሰብ የሚዘጋጅ ቅጽ የሚቀበለው ባዶ ጽሑፍ ነው። በቀድሞው ፎንት የተጻፈ ጥያቄ ወደዚያ ሲለጠፍ መረጃ ሰብሳቢው በመስክ ላይ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምችት ነው። በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ ጥናትም አባሪው በዚህ ሥርዓት ከተጻፈ በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም።

4. መለያ መንገዶች

የሰነዱን ማንነት ለማወቅ የፕሮግራሙ ስም አስተማማኝ ምስክር አይሆንም፤ የቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የኋላ እትሞች ዩኒኮድን መጻፍ ጀምረዋልና። በተግባር የሚያገለግሉ ሦስት ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው የኖትፓድ ፈተና ነው። ከመጠይቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀድቶ በኖትፓድ ይለጠፋል፤ አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፣ ላቲን ሆኖ ከታየ የቀድሞው ሥርዓት ነው። ሁለተኛው የቁጥር ፈተና ነው። በወርድ ውስጥ ጠቋሚውን ከአንድ ፊደል በስተቀኝ አድርጎ «አልት» እና «ኤክስ» ቁልፎችን አብሮ መጫን ፊደሉን ወደ ቁጥሩ ይለውጠዋል፤ ለምሳሌ «ሀ» ወደ 1200 ከተለወጠች ዩኒኮድ ናት። ያንኑ ቁልፍ ደግሞ መጫን ፊደሉን ይመልሰዋል። ሦስተኛው የፍለጋ ፈተና ነው። በሰነዱ ውስጥ እንዳለ በዓይን የሚታይ ቃል በዩኒኮድ የጽሕፈት ገበታ ተጽፎ ሲፈለግ ካልተገኘ መጠርጠር ይገባል።

ፈተናዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ላይ መደገም አለባቸው። በብዙ እጆች ያለፈ መጠይቅ መግቢያው በዩኒኮድ፣ መካከሉ በቀድሞው ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ፎንቱ በኮምፒዩተሩ ላይ ስለ ሌለ ብቻ ላቲን ሆኖ የተከፈተ ሰነድም እንደ ጠፋ ሊቈጠር አይገባም፤ ፎንቱ ሲጫን ይመለሳል። የሚያጠፋው ፎንቱን ለውጦ ማስቀመጥ ነው።

የቀድሞው ሥርዓት መሆኑ የታወቀ ሰነድ ከመለጠፉ በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ለዚህ የተሠሩ መለወጫ ፕሮግራሞች የእያንዳንዱን ፎንት ሰንጠረዥ ተከትለው ይሠራሉ። ሥራው የሚከናወነው ቅርጸቱ ባልተነካ ቅጂ ላይ መሆን ይኖርበታል፤ ፕሮግራሙ የአማርኛውን ቃል በመካከል ከገባ እውነተኛ የእንግሊዝኛ ቃል የሚለየው በፎንቱ ስም ነውና። ሰነዱ አጭር ከሆነ እንደገና መጻፉ ይሻላል። በሁለቱም መንገድ የመጀመሪያው ሰነድ በፒዲኤፍ ወይም በወረቀት ተይዞ አንዱ ሰው ሲያነብ ሌላው በአዲሱ ላይ እየተከታተለ ማመሳከር ግድ ነው።

5. በዩኒኮድም የሚቀሩ እንከኖች

ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ያለ ቅርጸት ከተለጠፈ በኋላ የሚቀሩት እንከኖች ቀላል ቢሆኑም የገጹን ወጥነት ያዛባሉ።

የመጀመሪያው የፎንት ምትክ ነው። ታይምስ ኒው ሮማን የኢትዮጵያ ፊደል የለውም። ስለዚህ አማርኛው በዚህ ፎንት ተጽፏል ተብሎ ቢመዘገብም ፕሮግራሙ በምትኩ በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኘውን ሌላ ፎንት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ፤ በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ በምርጫ የሚጫን ሆኖ የኢትዮጵያ ፊደል በኤብሪማ ይታያል። አንዱ ሰነድ በተማሪውና በአማካሪው ኮምፒዩተር ላይ የተለያየ መልክና የተለያየ የገጽ ብዛት የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው ለአማርኛው ክፍል አንድ የዩኒኮድ ፎንት በስሙ መምረጥ፣ ሰነዱ ሲቀመጥም ፎንቱ በውስጡ እንዲካተት ማድረግ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኙ ናቸው።

ሁለተኛው የመስመር ርቀት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶች ቁመት ከላቲኑ ስለሚለይ፣ በእንግሊዝኛ አንቀጽ መካከል አንድ የአማርኛ ቃል ሲገባ ያ መስመር ብቻ ከሌሎቹ ይሰፋል። እንዲህ ባለው አንቀጽ ላይ የመስመሩን ርቀት «ኤግዛክትሊ» በሚለው ምርጫ በተወሰነ ነጥብ ማሰር ወጥነቱን ይመልሳል፤ መጠኑ አንሶ የፊደላቱን አናት እንዳይቈርጥ ግን መታየት አለበት።

ሦስተኛው ሥርዓተ ነጥብ ነው። አራት ነጥብ በአንዱ ሰነድ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት፣ በሌላው ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ፣ በሦስተኛው ደግሞ የላቲን ኮለን ድርብ ሆኖ ይገኛል። ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ለፕሮግራሙ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። በፍለጋና መተኪያ መሣሪያው ሁሉንም ወደ 1362 ማምጣት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያው አጋጣሚ የከተማዋ ስም ራሱ በአንድ ሰነድ ውስጥ «ጎንደር» እና «ጐንደር» እየተባለ ከተጻፈ አንዱን መምረጥ ይገባል፤ አለዚያ አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም።

በመጨረሻም ከድረ ገጽ ወይም ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ በየመስመሩ መጨረሻ የአንቀጽ ማብቂያ፣ በቃላት መካከልም የማይሰበር ክፍት ቦታ ይዞ ይመጣል። የተሰወሩ ምልክቶችን የሚያሳየውን ቁልፍ ከፍቶ ማየት እነዚህን ያጋልጣል። የአማርኛው ክፍል የማረሚያ ቋንቋም አማርኛ ተብሎ ካልተመዘገበ ከቃላቱ ሥር ቀይ መስመር ሊሰለፍ ይችላል።

6. የሥራ ቅደም ተከተል

በጎንደር አድባራት የብራና መጻሕፍትን የጻፉ ቁም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ብራናውን በመውጋትና በማስመር ነበር። ከዚያ በኋላ ከፊታቸው ካለው ምንጭ ቃሉን እየወሰዱ በተሰመረው መስመር ላይ ያሳርፉታል፤ በቀይ የሚጻፈውም በቦታው በቀይ ይገባል። ቃሉ የምንጩ፣ መስመሩ የአዲሱ ብራና ነው። የዛሬው ተመራቂ ተማሪም ይህንኑ ሥርዓት ቢከተል ይጠቀማል።

ስለዚህ አንድም ቃል ከመለጠፉ በፊት የሰነዱ ስታይሎች ይዘጋጃሉ፦ ለእንግሊዝኛው ሐተታ አንድ፣ ለአማርኛው አካል ሌላ፣ ለርእሶች፣ ለመጠይቅ ጥያቄዎችና ለሠንጠረዥ የየራሳቸው። ቀጥሎ ምንጩ ይፈተሻል፤ የቀድሞው ሥርዓት ከሆነ በቅጂው ላይ ይለወጣል፣ ይመሳከራል። ከዚያ ጽሑፉ ብቻ ይለጠፋል፤ ወዲያውም የተዘጋጀው ስታይል ይሰጠዋል። ደማቅ ወይም ዘመም የነበሩ ቃላት በዚህ ጊዜ ምልክታቸውን ስለሚያጡ ከምንጩ ጋር እያዩ መመለስ ያስፈልጋል። ኒያላን የመሰሉ ፎንቶች አንድ ውፍረት ብቻ ስላላቸው ፕሮግራሙ ደማቁን በማስመሰል ይሠራዋል፤ በመሆኑም በአማርኛው ክፍል ማጉያን መቈጠብ ይበጃል።

ተደጋጋሚ ምርጫን ለማስቀረት በወርድ የላቀ ምርጫ ገጽ ውስጥ ከሌላ ሰነድና ከሌላ ፕሮግራም ለሚመጣ ጽሑፍ ባዶ አለጣጠፍን መደበኛ ማድረግ ይቻላል። ቀደም ሲል ተዘበራርቆ የተለጠፈ ሰነድ የደረሰው ሰው ደግሞ «ኮንትሮል» እና «ስፔስ» የፊደሉን፣ «ኮንትሮል» እና «ኪው» የአንቀጹን የተጫነ ቅርጸት ገፈው ወደ ስታይሉ እንደሚመልሱ ማወቅ ይጠቅመዋል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ፎንቱንም ስለሚገፍ በቀድሞው ሥርዓት በተጻፈ አማርኛ ላይ ሊሞከር አይገባም።

7. ማጠቃለያ

ቅርጸትንና ጽሑፍን ለይቶ የማየት ልማድ የተወለደው አንድ ፊደል አንድ ቁጥር ባለው ሥርዓት ውስጥ ነው። አማርኛ ወደዚህ ሥርዓት የገባው ዘግይቶ ስለሆነና በቀድሞው መንገድ የተጻፉ መጠይቆች፣ ቅጾችና የመስክ ማስታወሻዎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፉ፣ «ጽሑፉን ብቻ ለጥፍ» የሚለው ምክር በአማርኛ ሁልጊዜ አንድ ቅድመ ሁኔታ ሊኖረው ይገባል፦ አስቀድሞ ጽሑፉ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ። የኖትፓዱ ፈተና ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። የአማካሪዎችና የፈታኞች ንባብ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛው ሐተታ ላይ ስለሚያተኵር፣ አባሪው ለኅትመት ከመሄዱ በፊት አማርኛውን ቃል በቃል የሚያነብ አንድ ሰው መመደብ ተገቢ ነው። በዳባት ወይም በደባርቅ ገጠር ለተጠያቂዋ የሚደርሰው ጥያቄ ተርጓሚው የጻፈው ያው ጥያቄ መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ንባብ ነው።